ላይ ቤት፣ ታች ቤትና መልእክተኛው

አንድ ጊዜ፣ እንደማታምኑኝ በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሾላ ሥር አብረው ተቀምጠው ሕግ ያወጡ ነበር። የሾላው ጥላ ከመስፋቱ የተነሳ ከዳር ተነስቶ መሃል ለመድረስ ስንቅ መያዝ ግድ ነበር።

ከዕለታት ባንዱ አህያ ተነሳች። የበኩር ልጇን ወንዝ ዳር ጅብ በልቶባት፣ የቀራት አንድ ውርንጭላ ብቻ ነው።

«ውሃ ሊጠጣ የወረደ አይበላ! ሌላ ምንም አልጠይቅም» አለች። ሣር በሊታው ሁሉ «ይጽና!» ብሎ ጮኸ።

አንበሳ ደነገጠ። ቀበሮን ገለል አድርጎ «አያ ቀበሮ፣ እነዚህ እኮ በቁጥር በለጡን። እምቢ ብል ያሙኛል፣ እሺ ብል ጦሜን አድራለሁ» አለው።

«ጌታዬ፣ እምቢ ማለት ምን አስፈለገ? ምክር ቤቱን ለሁለት ይክፈሉት። ሣር በሊታው ታች ወንዝ ዳር ይምከር፣ እኛ ላይ ዋሻው ውስጥ። ታች ቤት ያወጣውን ላይ ቤት አይቶ ካልተስማማ ሕግ አይሆንም እንበል። አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል ስንል ማን ይከፋዋል?»

«ካየሁት በኋላስ?»

«አያዩትም። የሚያመላልሰው አያ ጅቦ ነው።»

ነገሩ ለሁሉም ጥሩ መሰለ፤ ምክር ቤቱም ተከፈለ። ያኔ ሕግ የሚጻፈው በደረቅ ቁርበት ላይ ነበር። ታች ቤት የአህያን ሕግ በቀንድ ጭሮ ለጅብ አስረከበ።

«አደራ፣ አያ ጅቦ» አለች አህያ።

«ምነው እሜቴ፣ አደራ በላ መሰልኩሽ እንዴ?» አለና ሽቅብ ሮጠ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ሕጉን ከነጫፉ ቆረጣጠመው።

አህያ መልስ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ ጠፋ። «ላይ ቤት ምን አለ?» ስትለው «ገና እየታኘከ ነው» ይላታል። ሌላ ቁርበት ተጻፈ፤ እሱንም በላው። ሌላም ተጻፈ። ጅብ ከመወፈሩ ብዛት በመንገዱ ሌላ ማለፍ አልቻለም። ላይ ቤት ደግሞ አንበሳ እያዛጋ «ከታች የመጣ ነገር አለ?» ይላል፤ ቀበሮ «ምን ይመጣል ጌታዬ፣ ሣራቸውን ግጠው ይተኛሉ» ይለዋል።

ውርንጭላው ግን ወንዝ መውረድ እየፈራ ጤዛ በመላስ ብቻ ከሳ፤ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። እናቱ አልቻለችም። ታች ቤትን በሙሉ አስከትላ ዋሻው ደጃፍ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ሕጋችን የት ደረሰ?»

«የቱ ሕግ?» አለ አንበሳ፤ «እኔ የደረሰኝ የለም!»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞረ። ቀበሮ «ዝም በል» ብሎ ቢጠቅሰው፣ ጅብ ሥራው የተናቀበት መስሎት ተቆጣ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? አንድም የቀረ የለም፣ ሁሉም አልፏል!»

«በየት በኩል አለፈ?»

«በእኔ በኩል ነዋ!»

ሳቁ የዋሻውን ጣሪያ ሰነጠቀው። አህያ ግን አልሳቀችም። «እንግዲያው ቁርበቱ ይቅር፣ በአፌ ልንገርዎ» ብላ ሕጓን አናፋችው። ከማዶ ተራራ አሞራ ከነጎጆው ወደቀ፤ ወንዙ ለጊዜው ሽቅብ ፈሰሰ። አንበሳ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ «ሰማሁ! ጸድቋል! ብቻ ዝም አሰኙልኝ!» አለ።

በዚያው ቀን ውርንጭላው ወርዶ ሆዱ ከበሮ እስኪሆን ጠጣ። ጅብ ማዶ ቆሞ ምራቁን ዋጠ።

ቀበሮ ግን አያፍርም፤ ጉባኤ ፊት ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሁለት ቤት በዛብን፤ ታችኛውን እናፍርሰውና...»

ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና አቋረጠችው፦

«ከዚህ የምንማረው፣ ቤቱ ሁለትም ይሁን አሥር፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መልእክተኛው ምን እንደሚበላ መሆኑን ነው!»