ቁልፏ፣ አያ ቶርኖ እና የተዋጠው ቃል

ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገሪን» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ! እሺ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ከሰው ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ አያ ቶርኖ የሚባል ሽማግሌ ማሽን ይኖር ነበር። ብረት በመንጋጋው ነክሶ ያሽከረክራል፤ ተማሪዎችም ብረቱን ይቀርጻሉ። መንጋጋውን የምታጠብቀው አንዲት ቁልፍ ናት። ቁልፏ ከባድ ናት፤ ለወርክሾፑ ግን ገና አዲስ ናት።

ተማሪዎቹን የሚያለማምዷቸው ቴክኒሻኑ ጋሽ ልሳኑ ነበሩ። አንድ ሕግ ነበራቸው። ማሽን የሚያስነሳ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ቁልፏን ከመንጋጋው ይነቅላል፣ ወደ ላይ ያነሣታል፣ «ቁልፉ እጄ ላይ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ይሰቅላታል።

ቁልፏ ሚስማሩ ሰለቻት።

«አያ ቶርኖ፣ ዛሬ መንጋጋህ ላይ ልቅርና አብሬህ ልሽከርከር።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

አያ ቶርኖ መንጋጋውን ገጠመ። ከዕቃ ሣጥኑ ሥር የምትኖረው እመት አይጢት ሳቀች። «ምን ይበልሽ? ፈሪ ነዋ!»

በማግስቱም ቁልፏ ለመነችው። «አያ ቶርኖ፣ አንዴ ብቻ!»

«አይሆንም አልኩሽ።»

«ምክንያቱን ንገረኛ!»

አያ ቶርኖ ምክንያቱን ያውቃል። ግን ያፍርበታል።

በሦስተኛው ቀን ምንትዋብ የምትባል ተማሪ ለመመረቂያ ሥራዋ ዘንግ ልትቀርጽ መጣች። ጋሽ ልሳኑ «መነጽርሽን አድርጊና ጀምሪ። ጩኸቷን ግን እንዳትረሺ፣ የኔ ልጅ» ብለዋት ብረት ሊያመጡ ወደ መጋዘን ሄዱ።

ምንትዋብ ብረቱን በቁልፏ መንጋጋው ላይ አሰረች። ጓደኞቿ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«ምንትዬ፣ ደግሞ እንደ ቆሎ ተማሪ ልትጮሂ ነው?»

«ጩሂልን እስቲ፣ እንስማሽ!»

ፊቷ ጋለ። አፈረችና ቃሉን ዋጠችው። ቃሉን ስትውጥ ቁልፏንም መንቀል ረሳች።

አያ ቶርኖ ቁልፏን መንጋጋው ላይ አያት። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አፈረና እሱም ዋጠው። ቁልፏ ደግሞ በደስታ ትንፋሿን ዋጠች።

ምንትዋብ ማሽኑን አስነሣች።

ዧ!

ቁልፏ በረረች። የምንትዋብን መነጽር ከፊቷ ላይ ጠርጋ ወሰደች፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ በሳች፣ ውጭ ወደቀች።

ጓደኞቿ ደርቀው ቀሩ። አንዷ ማሽኑን አጠፋችው። ምንትዋብ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ዓይኔ አለ?» አለች። «ዓይኔ አለ ወይ? ንገሩኝ እንጂ!»

«አለ!» ብላ ጮኸች እመት አይጢት ከሣጥኑ ሥር። «ሁለቱም አሉ!»

ጋሽ ልሳኑ ገቡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ አዩ። ምንትዋብን አዩ። የያዙት ብረት ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው የግራ ዓይናቸውን በጥፍራቸው መቱት።

ጠቅ አለ።

ሁሉም ክው አሉ። ዓይኑ መስተዋት ነበር።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለ አያ ቶርኖ። «ተማሪ ሳሉ ነው። እንዲሁ ቁልፍ መንጋጋዬ ላይ ረስተው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኔም አፍሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ዓይኔን ያበላሸው በሽታ ነው እላለሁ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «ጩኹ እላችኋለሁ፤ ለምን እንደምትጮኹ ግን አንድ ቀን ነግሬያችሁ አላውቅም።» ቀኝ ዓይናቸው እንባ አፈሰሰ። የግራው ደረቅ ነበር።

ከውጭ ቁልፏ «ወደ ሚስማሬ መልሱኝ!» እያለች ታለቅስ ነበር። ምንትዋብ ወጥታ አነሣቻት። ወደ ላይ ከፍ አደረገቻት።

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው!»

ከዚያ ወዲህ በጩኸቱ የሳቀ የለም። ቀዳዳውም አልተደፈነም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ጋሽ ልሳኑ መጀመሪያ ቀዳዳውን ያሳዩታል፤ ቀጥለው ዓይናቸውን ጠቅ ያደርጋሉ።

እንግዲህ አፍራችሁ የምትውጡት ቃል የሌላ ሰው ዓይን ሊሆን ይችላልና አትዋጡት። ተረቴ አበቃ። «ሰማን» በሉኝ፤ ጮክ ብላችሁ።