በሞተሩ ላይ የተኛችው አራስ

ተረቴ መንገድ ልትወጣ ነው፤ የምትሰሙ ሁሉ ተሳፈሩ!

ብርነሽ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ፀዳለ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ሁሉን ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ አፏን ግን አልፈታችም። ብርነሽም «ለንግሥህ ቁልቢ ድረስ ይዣት መጥቼ ከደጅህ እለምንላታለሁ» ብላ ለገብርኤል ተስላ ነበር።

ባሏ ደምሰው አሮጌ አውቶቡሱን የመንገድ ቤት አድርጓታል፤ ውስጧ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የውሃ ጀሪካን አለ። ንግሡ ነገ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ካልተነሡ አይደርሱም።

«መኪና ሳይፈተሽ መንገድ አይወጣም» አለ ደምሰው። የጎማውን ንፋስ አየ፤ ደህና። ዘይቱን አየ፤ ደህና። የባትሪውን ውሃ አየ፤ ደህና። ያለቀውን ቺንጋ፣ ያን የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ ሊቀይር ጎንበስ ሲል ግን እጁን ሰበሰበ። ሞተሩ ላይ ድመት ወልዳለች!

«ብርዬ፣ ነይ ጉድ እዪ! በጆንያ ጠቅልዬ ላውጣት?»

«ኧረ ተው! አራስ እኮ ናት። ከገብርኤል ደጅ ቆመን አራስ አፈናቅለን መጣን ልንል ነው?» ወደ ድመቷም ዞራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።

ከዚያ መኪናዋን ዳበስ አደረገቻት። «እባክሽ ሂጂልኝ፣ ልጄን ላድርስ።»

«ሞተሩ ሳይነሣ አልሄድም» አለች መኪናዋ።

«ቺንጋው ሳይገባ አልነሣም» አለ ሞተሩ።

«አራሷ ሳትነሣ አልገባም» አለ ቺንጋው።

«ወተት ሳልጠጣ አልነሣም» አለች ድመቷ። «አራስ በባዶ ሆዷ ቤት ትለቃለች እንዴ?»

ብርነሽ «እውነቷን ነው» አለችና ወደ ላሟ ሄደች። «ላሜ፣ ታለቢልኝ። ድመቷ ሳትጠጣ አትነሣም፣ ድመቷ ሳትነሣ ቺንጋው አይገባም፣ ቺንጋው ሳይገባ ሞተሩ አይነሣም፣ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናዋ አትሄድም፣ መኪናዋ ሳትሄድ ልጄ ከደጁ አትደርስም።»

«ጥጃዬን ሳልልስ አልታለብም» አለች ላሟ።

ጥጃው ደግሞ ጧት ደምሰው ጡሩምባውን ሲሞክር ደንግጦ ቁልቋል ውስጥ ገብቷል። በዚህ ቢሉት በዚያ፣ በዚያ ቢሉት በዚህ ይላል።

«ቦራዬ፣ ና እንጂ! አንተ ሳትመጣ ላሟ አትታለብም፣ ላሟ ሳትታለብ ድመቷ አትጠጣም፣ ድመቷ ሳትጠጣ አትነሣም፣ ድመቷ ሳትነሣ ቺንጋው አይገባም፣ ቺንጋው ሳይገባ ሞተሩ አይነሣም፣ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናዋ አትሄድም፣ መኪናዋ ሳትሄድ ልጄ ከደጁ አትደርስም።»

«ጨው የምታስልሰኝ ልጅ ሳትጠራኝ አልመጣም» አለ ጥጃው።

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ፀዳለን ነው የሚለው?» አለ ደምሰው፣ ቀስ ብሎ።

«እሷን ነው።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። አፏን ያልፈታች ልጅ እንዴት ጥሪ ትባላለች? ብርነሽ ግን የምትለምነው ሌላ አልቀራትም። ከልጇ ፊት ተንበረከከች።

«ፀዳልዬ፣ አንቺ ሳትጠሪው ቦራ አይመጣም፣ ቦራ ሳይመጣ ላሟ አትታለብም፣ ላሟ ሳትታለብ ድመቷ አትጠጣም፣ ድመቷ ሳትጠጣ አትነሣም፣ ድመቷ ሳትነሣ ቺንጋው አይገባም፣ ቺንጋው ሳይገባ ሞተሩ አይነሣም፣ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናዋ አትሄድም፣ መኪናዋ ሳትሄድ...» የቀረውን ሳትጨርስ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች።

ልጅቱ የእናቷን ጉንጭ በመዳፏ ነካች። ወደ ቁልቋሉ ዞረች። አፏን ከፈተች።

«ቦራ!»

ነፋሱም ቆሞ የሰማት መሰለ። ደምሰው ቆቡን ከራሱ አወረደ። ብርነሽ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች።

«ቦራ! ቦራ!»

ያኔ ቦራ እየዘለለ መጣ። ቦራ ሲመጣ ላሟ ላሰችው፤ ስትልሰው ታለበች፤ ስትታለብ ድመቷ ጠጣች፤ ጠጥታም ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወደ ጎተራው ወሰደች፤ እሷ ስትነሣ ቺንጋው ገባ፤ ቺንጋው ሲገባ ሞተሩ ተነሣ፤ ሞተሩ ሲነሣ መኪናዋ ሄደች።

ደምሰው መሪውን አዙሮ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። በኋላ «ብርዬ፣ እንግዲህ ምን ልንለምን ነው የምንሄደው?» አላት።

«ልንለምንማ አይደለም» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ገብርኤል ከደጁ ሳንደርስ ሰማን እኮ! ልናመሰግን ነው።»

ፀዳለ ከኋላ አልጋው ላይ ተንበርክካ፣ በመስኮቱ ወደ ቤት እያየች፣ የምታውቀውን ቃል ሁሉ እስከ ቁልቢ ድረስ ተናገረችው። «ቦራ! ቦራ! ቦራ!»

ተረቴ ደረሰች፣ ሞተሯንም አጠፋች፤ እናንተም በደህና ውረዱ።