ግማሽ ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ ግማሽ ሸማኔ። ጋቢ መቼም ሁለት ወገን ተሰፍቶ ነው ጋቢ የሚሆነው። ሙሉ ሸማኔ ነው እንዳልል የሠራው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ሸማኔ አይደለም እንዳልል ደግሞ ያ አንድ ወገን እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር አለ። ሰናይት፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ነርሲንግ ትምህርት ቤት እንጂ ስለ ጋቢ እንዳልሆነ አልጠፋኝም። ስለ ነርሲንግ አንዳች ስለማላውቅ ነው በእርግጠኝነት የምመልስልሽ።

ሰውየው ሙያውን የጀመረው በአንዲት ትንሽ የገበያ መንደር፣ ስሙ ከወንዙ ማዶ ከማይታወቅ ሸማኔ ዘንድ ነው። መሐል ላይ አባቱ ታመሙበትና ወደ እርሻው ተመለሰ። እሳቸው ከዳኑ በኋላም እጁ እርፍ ይዞ ልቡ የሽመናው መወርወሪያ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ከተማ ወዳለ ስመ ጥር ባለሙያ ሊሄድ ተነሣ፤ በዚያ ሰው ግቢ እግር ከትቶ የሚሸመንበት ጉድጓድ ማግኘት እንደ ሹመት ይቆጠራል። ካልተቀበለው ዕድሜውን ሁሉ ግማሽ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ጎረቤት ምክር አይነፍግም። አንዱ «ምንም አላውቅም በል፤ የሚሞላው ባዶ እንስራ ነው» አለው። ሌላው «ሸማኔ ነኝ በል፤ ማን ያይሃል» አለው። ሁለቱንም አመስግኖ ጨርቁን እንደታቀፈ ሄደ።

ባለሙያው ጨርቁን ሳይገልጥ በእጁ ገፋው።

«የሌላ ጉድጓድ ሥራ እዚህ አይቆጠርም። ፍታው፤ ከድር እንጀምራለን።»

ባለሙያው ራሱ ሙያውን ከሌላ ጉድጓድ ነው ያመጣው ይባላል። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ድምፄን ዝቅ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው።

የሰውየው ጆሮ ጋለ። በዚያ ጨርቅ ውስጥ የአባቱ ጥጥ፣ የእናቱ ፈትል፣ የራሱ የወገብ ሕመም አለበት። ተጣልቶ መውጣት አማረው፤ አንገት ደፍቶ መፍታትም ቀላል ነበር። ሁለቱንም ተወና፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እያዩ ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ የተበላሸውን በጣትዎ ያሳዩኝ። እስከዚያ ድረስ በገዛ እጄ እፈታዋለሁ። ደኅናውን ግን አልፈታም።»

«ደፋር ነህ።»

«ደፋር ብሆን ኖሮ ሸማኔ ነኝ ብዬ እመጣ ነበር።»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ባለሙያው አጎነበሰ፤ ስህተት ፍለጋ የሚያጎነብስ ሰው ወገቡ አይደክምም። ጫፉ አካባቢም አገኘ። አባትየው በታመሙበት ሰሞን የተሠራ ነው፤ ማጉ ልል፣ ጠርዙ የተጣመመ። ሰውየው አልተከራከረም። ቁጭ ብሎ ፈታ ፈታና ክሩን ጠቅልሎ እጁን ሰበሰበ።

«ለምን አቆምክ?»

«ከዚህ በላይ ያለው ደኅና ነው።»

ባለሙያው ጨርቁን በሁለት እጁ ወጠረው። ወደ ብርሃን አነሣው። ጠርዙን ሳብ፣ ደግሞ ሳብ አደረገው፤ ክሩ ንቅንቅ አላለም። «ያንን ጉድጓድ ያዝ» አለ። «የጎደለውን ሞልተህ ሁለተኛውን ወገን በዚሁ ስፋት ትሠራለህ።»

ጋቢው ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች መሐል ለመሐል ተሰፉ። ሰውየው በበዓል ቀን ለብሶት ወጣ፤ ለጠየቀው ሁሉ ስፌቱን እየገለጠ «ይህኛው ከዚያ፣ ያኛው ከዚህ» ሲል ዋለ ይላሉ። ትንሽ ሳያበዛው አልቀረም።

እንግዲህ ልጄ፣ ኮሌጅ ጀምሬ ያቋረጥኩትን ትምህርት ለነርሲንግ ሳመለክት ልናገረው ወይስ ደብቄ እንደ አዲስ ልግባ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያ ትምህርት ጨርቅሽ ነው። ትራንስክሪፕትሽን ይዘሽ ሂጂና ዘርጊው። ባዮሎጂሽ ጠንካራ ነው፤ ይቆጠርልኝ በዪ። ሱቅ ስትሠሪ እየዋልሽ እንደ ነገሩ የተማርሽውን ኬሚስትሪ ድገሚ ካሉሽ ግን ድገሚው፤ ልሉን መፍታት ሸማኔን አያዋርድም። ደኅናውንም ፍቺ የሚል ከመጣ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ በጣቱ እንዲያሳይሽ በትሕትና ለምኚው። በትሕትና ማለቴ፣ እንደዚያ ሲጠየቁ የሚመልሱት ስለሚጠፋቸው ነው።

ነርስ ሆነሽ መርፌ ይዘሽ ስትመጪም፣ የት ተማርሽ ብዬ በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ። ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ በዪ፤ ክንዴን ኮርቼ እሰጥሻለሁ።