የእመት ጃርት ከበሮ

ተረት ልጀምር ነው። የራቃችሁ ተጠጉ፣ ያንቀላፋችሁ ንቁ። አንቺም ደጃፍ ላይ የቆምሽው፣ ግቢ፤ ቦታ አለ። አሁን ሞላን።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው ማኅበር በሚጠጣበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የመንገድ አዋቂዎች ማኅበር ነበረ። አለቃው አያ ድኩላ ነው። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ውኃ የሚገኘው ጫካው መሀል ከተሸሸገ አንድ ምንጭ ብቻ ነበር። ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም። በየድንጋዩ የተቀባ ቀይ አፈር አለ፤ እሱን እየፈለጉ መድረስ ነው። ምንጩ ዳር መጀመሪያ የደረሰው ከበሮ ይመታል። ፈጣኖቹ ሲደርሱ ከበሮው ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ የመጣ ጠብታ አይቀምስም። ደንቡ ይህ ነበር፤ ደንብ ከተባለ!

እመት ጃርት ለማኅበሩ አዲስ ናት። ልጆቿ ጉድጓዳቸው ውስጥ በውኃ ጥም ምላሳቸው ደርቋል።

በመጀመሪያው ቀን ቅሏን አንጠልጥላ ገባች። የወደቀው ዝግባ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፈችና ጠፋች። ስትባዝን ውላ ስትደርስ ከበሮው ዝም ብሏል።

"ምነው እመት ጃርት፣ የከበደሽ እሾህሽ ነው ወይስ ጭንቅላትሽ?" አለ አያ ድኩላ። ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ።

እሷ ግን አላለቀሰችም። "ነገም እመጣለሁ!" አለች። ስትመለስ፣ ከተሳሳተችበት ቦታ ላይ ከእሾኋ አንድ ነቅላ ተከለች። ልጆቿን እርጥብ ሥራሥር አስመጥጣ አሳደረች።

በሁለተኛው ቀን እሾኋን አየችና ወደ ቀኝ ሄደች። ገደሉ አፋፍ ላይ ግን ደግሞ ጠፋች። ስትደርስ ከበሮው ዝም ብሏል። እንደ እሷ አዲስ የነበሩት ጥንቸልና ኤሊም ጠፍተው ውለው፣ "እኛስ በቃን" ብለው ሊቀሩ ነው።

"አንቺም ተዪው፣ ይህ ላንቺ አይሆንም" አላት አያ ድኩላ።

"የሚሆነኝን የምታውቅልኝ አንተ ነህ? ነገም እመጣለሁ!" አለችው። ገደሉ ጋም እሾህ ተከለች። ጥንቸልንና ኤሊንም "እሾኼን እያያችሁ ኑ፤ እንዳትቀሩ!" አለቻቸው።

በሦስተኛው ቀን እሾኋን አየች፣ ወደ ቀኝ ሄደች። እሾኋን አየች፣ ከገደሉ ራቀች። ከበሮው ሳይቆም ደረሰች! ቅሏንም ሞላች።

"በሉ ከበሮውን ዝም አሰኙት" አለ አያ ድኩላ።

ጥንቸልና ኤሊ ገና ጫካ ውስጥ ናቸው። እመት ጃርት ቅሏን አስቀመጠችና ከበሮውን ነጠቀች።

"ለመሆኑ ከበሮ የሚመታው ለደረሰ ነው ወይስ ላልደረሰ?"

ድም! ድም! ድም!

አያ ድኩላ ቀንዱን አሹሎ መጣባት። ጀርባዋን ሰጠችውና እሾኋን አቆመች። በቀኝ ቢመጣ እሾህ፣ በግራ ቢመጣ እሾህ። አፍንጫው ደማ። እሷ እቴ፣ ድም! ድም! ጥንቸል ደረሰች። ኤሊም እየተንፏቀቀ ደረሰ። ሁሉም እስኪበቃቸው ጠጡ። ወሬው ሲሰማ፣ በፊት ተስቆባቸው የሸሹት ሁሉ ተመለሱ።

አያ ድኩላ ግን "ከኤሊ ጋር ማኅበር አልጠጣም" ብሎ ለብቻው መሮጥ ጀመረ። ሁልጊዜ አንደኛ ሆነ። ማን ይቀድመዋል?

አንድ ጠዋት ከባድ ጭጋግ ወረደ። ቀዩ ምልክት አልታይ አለ። እመት ጃርት የተከለችውን እሾህ እየዳሰሰች ቀድማ ደረሰች፤ ማኅበርተኞቹም በከበሮዋ ድምፅ እየተመሩ ገቡ። አያ ድኩላ፣ ያ ኩሩ፣ ሲጠፋ ዋለ። ሲጨንቀው እሱም ጆሮውን ወደ ከበሮው ጣለ። እያነከሰ ምንጩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ጠጥተው ተቀምጠዋል። እመት ጃርት አሁንም ትመታለች።

"ሁሉም ደርሷል። ለማን ነው የምትመቺው?" አላት።

"ላንተ ነዋ!" አለችው። "በል ጠጣ። ከነገ ጀምሮ ግን ከኤሊ ኋላ ትሄዳለህ፤ የጠፋ ካለ እየፈለግህ ታመጣለህ።"

አያ ድኩላ አቀርቅሮ ጠጣ። በማግሥቱም ከኤሊ ኋላ ሄደ።

አበው "ብቻውን የሮጠን የሚቀድመው የለም" ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲጠፋ ግን እሱም ከበሮ ያስፈልገዋል።

ተረቴ እዚህ ደረሰ። ለአፌ ማበሻ ዳቦ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ለዚያች ደጃፍ ላይ ለነበረችው ቁረሱላት።