የአስር አለቃው ኩባያ

እስቲ ጠጋ በሉና አንዲት ሴት ላሳያችሁ። ስሟን ትርንጎ እንበላት። በመኪና መንገድ ዳር፣ ነፋስ በማያጣት አንዲት ከተማ፣ ከእናቷ የወረሰችው አሮጌ ሆቴል አላት። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ አይታያችሁ! ቆርቆሮው የዛገ፣ ሳንቃው ሲረግጡት የሚያቃስት ቤት ነው። ግን ያገሩ ሰው የተዳረው እዚያ፣ የታረቀውም እዚያ ነው። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ወደ ግንባር የሚያልፍ ወታደር እዚያ ነበር የሚያድረው።

የትርንጎ እናት እትዬ ውዴነሽ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወታደሩ ጠዋት ሊሄድ ሲል ጠላውን የጠጣበትን የቆርቆሮ ኩባያ መደርደሪያው ላይ ደፍቶ ይሄዳል። ቂጡ ላይ ስሙን በሚስማር ጭሮ። ያ ኩባያ የሱ ነው፤ ማንም አይጠጣበትም። ሲመለስ እሳቸው ራሳቸው በር ላይ ወጥተው፣ "እንኳን ደህና ገባህ!" ይሉና ኩባያውን ቀና አድርገው ይቀዱለታል።

የተመለሰ ነበር። ያልተመለሰው ግን በዛ።

ሰው፣ "እትዬ፣ እነዚህ የሞቱት ናቸው?" ሲላቸው ይቆጣሉ። "ማን ሞተ አለህ? ያልገቡ ናቸው!" ሊሞቱ ሲሉም ትርንጎን ጠርተው የነገሯት ይህንኑ ነው፦ "ልጄ፣ የኩባያው ጌታ ከመጣ እንዴት እንደምትቀበይው ታውቂያለሽ።"

ትርንጎ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ያዙልኝ። የእናቷን ቤት አከበረች። ሳንቃውን አስወለወለች፣ ያገሩን ሞሰብና ጋሻ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ለኩባያዎቹ መስታወት አሠራች፣ መብራት አስገባች፣ ከላይ በነሐስ፣ "ለወደቁ ጀግኖቻችን" ብላ አስጻፈች። አናጢው፣ "እትዬ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጡ ይወድቃሉ" ቢላት፣ "በቃ በኮላ ለጥፋቸው" አለችው።

ተደፍተው ተለጠፉ። አያችሁ? እናትየው "ያልገቡ" ያሏቸውን ልጅቷ "የወደቁ" አለቻቸውና ለጠፈቻቸው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ካሜራው መጣ፣ እንግዳው ይጎርፋል። በሩ ላይ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ቆመ። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ ተሰፍቷል።

"አባባ፣ ዛሬ የተጠራ ብቻ ነው የሚገባው" አለ ዘበኛው።

"ተጠርቼ ነዋ የመጣሁት።"

"ማን ጠራዎት?"

"እትዬ ውዴነሽ።"

"ኧረ አባባ! እትዬ ውዴነሽኮ ከሞቱ ቆዩ!"

"የጠሩኝ ሳይሞቱ ነው።"

ትርንጎ ጭቅጭቁን ሰምታ መጣች፣ መቀስና ሪባን በእጇ። ሽማግሌው ትኩር ብሎ አያትና ሳቀ። "ቁንጮ! አንቺ ነሽ? ትከሻዬ ላይ ካልወጣሁ ብለሽ ታለቅሺ የነበርሽው?"

እጇ ላይ መቀሱ ከበዳት።

"አስር አለቃ ጓንጉል ነኝ። ኩባያዬን ብዬ ነው።"

ጓንጉል! መሀል ላይ፣ መብራቱ የሚያርፍበት ኩባያ የሱ ነው። ንግግሯ የተዘጋጀው ስለሱ ነው። እንዴት እንደወደቀ እንኳ ጽፋለች፤ ማንም ሳይነግራት፣ ከልቧ አውጥታ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል። አሁን ምን ትበል? "ይቅርታ፣ ጀግናው አልሞተም፣ በር ላይ ቆሟል" ትበል?

ሽማግሌው በመስኮቱ አሻግሮ አየ። "መስታወት ገባበት እንዴ?"

"እንዳይወድቅ ብዬ ነው ጋሼ። ተለጥፏል።"

"ተለጠፈ? ኧረ ቁንጮ! ብንመጣስ አላልሽም?"

ሪባኑን በጣቷ ጠቀለለች። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አገሬ ስደርስ አልቅሰውልኝ፣ እርሜን አውጥተው ጠበቁኝ። ሚስቴም አግብታለች። ምን ታድርግ! ተመልሼ በረሃ ወረድኩ። ዘንድሮ ግን፣ ያልተለቀሰልኝ አንድ ቤት አለ አልኩና መጣሁ።"

ይህን ሰምታ ምን አለችው መሰላችሁ?

"ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ትንሽ ይታገሱኝ። ጓሮ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ ምሳ ይመጣልዎታል።"

በክፋት አይደለም። "ብቻ ይለፍ፣ ከዚያ እግሩ ላይ እወድቃለሁ" ብላ ነው። ስንቶቻችን ነን "ብቻ ይለፍ" የምንል?

ሪባኑ ተቆረጠ። ንግግሯን አነበበች። ጓንጉል ወደቀ ስትል ሰው እንባውን ጠረገ። ከዚያ መድረክ መሪው፣ "ለወደቁት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት" አለ። ሁሉም ቆመ፣ አንገቱን ደፋ። ዝም።

በዚያ ዝምታ መሀል ከጓሮ በኩል የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ኳ... ኳ... ኳ... በድንጋዩ ንጣፍ ላይ፣ ወደ በሩ።

ትርንጎ አወቀችው። ልቧ "ሩጪ!" አላት። ግን በኅሊና ጸሎት መሀል ማን ይሮጣል? ሰው ምን ይላል? ካሜራው ያያል። አንገቷን እንደደፋች ቆመች። ለሞተው ጓንጉል ክብር ስትል ዝም አለች፤ በሕይወት ያለው ጓንጉል እየሄደባት!

ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ጓሮ ሮጠች። ምሳው ክዳኑ አልተነሳም። ወደ በሩ ሮጠች። "ሰውዬውስ? ምን ብሎ ሄደ?"

"'ለእናቷ መጥቼ ነበር' ብለው ነው የሄዱት" አለ ዘበኛው።

"ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅህም?"

"እትዬ፣ እርስዎ ጓሮ ያስቀመጡትን ሰው እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ?"

በዚያ በአገር ልብሷ መናኸሪያ ወረደች። አውቶቡስ ለአውቶቡስ ገብታ "አስር አለቃ ጓንጉል!" እያለች ተጣራች። ረዳቶቹ ሳቁባት። የበረሃው መኪና ወጥቷል።

እዚያ አቧራው ላይ ቆማ የተናገረችውን ሁሉ አስታወሰች። ታገሱ ብላዋለች። ተቀመጡ ብላዋለች። ምሳ ብላዋለች። "እንኳን ደህና ገባህ" ግን አላለችውም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ያችን ቃል ለመስማት ነበር።

ማታ ሰዉ ሲበተን መስታወቱን አስነሳች። ቢላዋ አምጥታ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ከኮላው ፈለቀቀቻቸው። የጓንጉል ሲላቀቅ የኩባያው ቀለም መደርደሪያው ላይ ቀረ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ትርንጎ ላይ አትፍረዱ። እኔና እናንተስ?

ሰው ሲሞት እኛን ማን ያህለናል! ድንኳን እንተክላለን፣ በሬ እንጥላለን፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ በሻማ እናደርጋለን። "ነፍስ ይማር" ለመጻፍ ጣታችን ፈጣን ነው። ያ ሰው ግን ከወር በፊት ደውሎልን፣ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ያልነው ነው። ለአባታችሁ ሐውልት የሚሆን እብነ በረድ ትመርጣላችሁ፤ አባታችሁ ግን በቁሙ "ልጄ ትመጣ ይሆን" እያለ የበሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ነው የኖረው። ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ወንድማችሁን "እስኪያልፍ" ብላችሁ የት ነው ያስቀመጣችሁት? ጓሮ አይደለም?

ጌታችን መቃብር የሚያስጌጡትን ሰዎች እንዴት እንደገሠጻቸው ታውቃላችሁ። ሙታንን አታክብሩ አላለም! ግን የሞተውን ለማክበር የደፋችሁትን አንገት ቀና አድርጉና፣ በር ላይ ማን እንደቆመ እዩ። ምርኩዙ ይሰማችኋል? እየራቀ ነው። ተነሡ እንጂ! ሰው ምን ይለኛል አትበሉ፣ በጸሎቱ መሀልም ቢሆን ሩጡ።

ትርንጎ እስከዛሬ መኪና ሲቆም በር ላይ ትወጣለች አሉ። ኩባያው እንደተደፋ ነው። አሁን ግን አልተለጠፈም።

የእናንተስ?