የአያ ጅቦ ልጅ የሮጠች ቀን

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና ከብት በአንድ ንጉሥ ሥር እየተዳደሩ፣ በአንድ ቋንቋ ሲጣሉና ሲታረቁ በኖሩበት ዘመን፣ ነፋሲት የምትባል አንዲት ወጣት ጅብ ነበረች። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ናት። ገና በቅጡ መቆም ሳትችል ከጉድጓዱ አፍ ተነስታ እስከ ግራሩ ጥላ ስትበር አይታ፣ «ይቺስ ነፋስ እንጂ ልጅ አይደለችም!» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ነፋሲት ጎህ ሲቀድ ትነሳና ወንዙን ተከትላ፣ ጉብታውን ዞራ፣ የእመት አህዪትን ግጦሽ አቋርጣ ትመለሳለች። ስትሮጥ ሁሉን ትረሳለች። ስትቆም ግን የረሳችው ሁሉ ይመለስባታል። የሚመለስባትም የአባቷ ነገር ነው።

አባቷ አያ ጅቦ ሆዱ የማይሞላ፣ አእምሮውም ሆዱን ቀድሞ የማያውቅ ነበር። ባለፈው ድግስ ወላጅ ለሌላቸው ደቦሎች ተብሎ የተቀመጠውን ሥጋ ብቻውን ጨረሰው፤ አጥንቱን እንኳ አላስተረፈም። «ማነው የበላው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ «እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው!» አለ።

ንጉሡ አንበሳ ክፉኛ ተቆጣ። የአያ ጅቦ ቤተሰብ በሙሉ ከላይኛው ምንጭ እንዳይጠጣ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሚጠጡት መንጋ ሁሉ ረግጦ ያደፈረሰውን የታችኛውን ኩሬ ነው። የነፋሲት ታናናሾች ሆዳቸውን እየታመሙ ከሱ፤ የጎን አጥንታቸው ታየ። እናታቸው እነሱን ስታስታምም ከጉድጓዱ መውጣት ተሳናት። አያ ጅቦ ደግሞ ያገኛትን ሁሉ መንገድ ላይ ጨርሶ ባዶ አፉን ስለሚመጣ፣ ለቤቱ ምግብ ማምጣቱ በነፋሲት ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በጋው ሲገባ ንጉሡ አዋጅ አስነገረ። «የወጣቶች ሩጫ ይደረጋል! መነሻው ከትልቁ ሾላ ሥር፣ መንገዱ ጉብታውን ዞሮ፣ መድረሻውም እዚያው ሾላው ሥር ነው። ያሸነፈ የወደደውን ይለምነኝ፤ እሰጠዋለሁ!»

ነፋሲት ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። የላይኛው ምንጭ ውሃ በዓይኗ መጣባት። ሮጣ ሾላው ሥር ደረሰችና ከተሰለፉት ወጣቶች መጨረሻ ቆመች።

የንጉሡን ጎተራ ቁልፍ ይዛ ለሩጫው ድግስ የተዘጋጀውን ሥጋ የምትጠብቀው እመት ቀበሮ ከንጉሡ ጎን ተቀምጣለች። የእሷም ልጅ ከሚሮጡት አንዱ ነው። ነፋሲትን ስታይ ጅራቷን ነቀነቀች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይቺ የአያ ጅቦ ልጅ አይደለችም? ጅብ ከኋላ ካስሮጡት የፊተኛው ተረከዝ አይተርፍም! ለነገሩ ምን ታድርግ፣ የአባቷ ልጅ ናት።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ። ነፋሲት መሬት መሬት አየች።

«ዋስ ካላት ትሩጥ» አለ አንበሳ። «ማነው ዋስ የሚሆናት?»

አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ሰኮናውን ያያል። ድንገት ከኋላ፣ «እኔ እሆናታለሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እመት አህዪት ነበረች።

«ጉድ በሉ!» አለች ቀበሮ። «አህያ ለጅብ ዋስ ሆነች!»

«ሳቁ» አለች አህዪት። «በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ውርንጭላዬን በወለድኩ ሰሞን፣ በማለዳ፣ ይቺ ልጅ ከጭጋጉ ውስጥ ስትሮጥ ብቅ አለች። ውርንጭላዬ መንገዷ ላይ ተኝቷል። በቃ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በላዩ ዘላ አልፋለች። ለዚያውም ዞር ብላ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ!› አለችኝ። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ማነው እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለኝ?»

ሳቁ ቆመ።

«ይሁን» አለ ንጉሡ። «ነገር ግን በሩጫው ቀን እሷም ሆነች ከቤቷ አንዱ ነውር ከሠራ፣ እሷ ከሩጫው ትወጣለች፤ አንቺም ግጦሽሽን ትለቂያለሽ።»

«እሺ፣ ንጉሥ ሆይ» አለች አህዪት።

በሩጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሮ አያ ጅቦን ፍለጋ ሄደች። ድንጋይ ተንተርሶ አንድ የደረቀ ቀንድ ሲቆረጥም አገኘችው።

«እንደምን ዋልህ አያ ጅቦ?»

«ሆዴን ጠይቂው» አለ ጅብ።

«ሆድህንስ ልጠይቅ ነው የመጣሁት! ነገ ልጅህ ትሮጣለች። የሯጭ አባት ደግሞ ክብር አለው። ከጉብታው ኩርባ፣ ከአጋም ቁጥቋጦው ሥር፣ የሰባ ታፋ አስቀምጥልሃለሁ። ሯጮቹ ብቅ ሲሉ ወጣ ብለህ ትበላለህ።»

«ለምን እስከ ነገ? አሁኑኑ ብበላውስ?»

«ክብሩ የት አለ ታዲያ? ሁሉ እያየህ ስትበላ ነዋ ክብሩ!»

«እውነትሽን ነው!» አለ አያ ጅቦ፤ ምራቁ ከወዲሁ ይንጠባጠብ ጀመር። ቀበሮም ፈገግታዋን ደብቃ ሄደች።

አያ ጅቦ ምሥጢር የሚባል ነገር አያውቅም። ገና ከቤቱ ሳይደርስ፣ «እሰይ! እሰይ! ነገ ሁሉ እያየኝ የምበላው የክብር ታፋ አለኝ! ቀበሮ ናት ያዘጋጀችልኝ!» እያለ መጣ።

ነፋሲት ነገሩ ወዲያው ገባት። «አባባ፣ እሱ እኮ የድግሱ ሥጋ ነው! ስትበላ ሲያዩህ ‹ሌባ!› ብለው ይጮኻሉ። እኔ ከሩጫው እወጣለሁ። እመት አህዪትም በእኛ ጦስ ግጦሿን ታጣለች።»

«እንዲያ ከሆነማ አልበላም! አሸትቼ ብቻ እመለሳለሁ።»

«የደቦሎቹንስ ሥጋ አሸትቼ እመለሳለሁ ብለህ አልነበር የሄድከው?»

ነፋሲት ለንጉሡ ልትነግር አሰበች፤ ግን የጅብን ቃል ከቀበሮ ቃል አስቀድሞ ማን ይሰማል?

«ነገ አትምጣ፣ አባባ። እባክህ፣ ከቤት ዋል።»

የአያ ጅቦ ጆሮዎች ወደቁ። «ልጄ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። ነፋሲት ሰማችው፤ ግን ፊቷን አዞረች።

እናቷ ከጉድጓዱ ውስጥ ጠራቻት። «መቆጣትሽ እውነት ነው፣ ልጄ። ግን ቁጣሽን ይዘሽ አትሩጪ። ቁጣ ትንፋሽ ያሳጥራል።»

በማግስቱ ተመልካቹ ሁሉ ከንጉሡ ጋር ጉብታው አናት ላይ ወጣ። ከዚያ ሆኖ ሾላውም፣ ኩርባውም፣ መንገዱም ይታያል። አንበሳ አገሳ፤ ሩጫው ተጀመረ።

ሚዳቋ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተተኩሳ ወጣች። የቀበሮ ልጅ ተከተላት። ነፋሲት አልተጣደፈችም፤ ትንፋሿን እየመጠነች በረጅም እግሯ መንገዱን ትሰበስበው ጀመር። ከርከሮው አቧራ አስነስቶ፣ አቧራው እሱኑ አስነጥሶት ወደ ኋላ ቀረ።

ኩርባው ጋ ስትደርስ የሥጋ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ቀና ስትል አባቷን አየችው። ከቤት አልዋለም። ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ የሰባው ታፋ ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል። የነፋሲት ሩጫ ቀዘቀዘ። «አለቀልን» አለች።

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ።

«እዩዋት! እዩዋት! ያቺ ልጄ ናት!» ብሎ ጮኸ። በአጠገቡ ከቁጥቋጦው በቀር ማንም አልነበረም፤ እሱ ግን ለቁጥቋጦው ያሳየው ነበር። «የእኔ ልጅ ናት! በርቺ፣ ነፋሲት! በርቺ፣ ሆዴ!»

ከድንጋዩም ዘሎ ወረደና፣ ሆዱ እየተንገጫገጨ፣ ከመንገዱ ዳር ዳር ከእሷ ጋር ይሮጥ ጀመር። ታፋው እንደተዘረጋ ቀረ። አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋ ረሳ።

ጉብታው አናት ላይ ደግሞ ቀበሮ ጩኸቱን እንደሰማች፣ አስቀድማ እንዳሰበችው ብድግ አለች። ወደ ታች እንኳ አላየችም። «ሌባ! ሌባ! ጅብ የድግሱን ሥጋ በላ!»

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ሥጋው አልተነካም። ጅቡ ከሥጋው ርቆ እያለከለከ ይሮጣል።

አንበሳ ቀስ ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ። «እመት ቀበሮ፣ ሥጋው እንዳለ ነው። ያላየሽውን እንዴት ተናገርሽ? ደግሞስ ከጎተራ ማን አውጥቶ እዚያ አኖረው? ቁልፉ ያለው በአንቺ እጅ ነው።»

ብልጧ ቀበሮ ጅራቷን ከእግሯ መሃል ሸጎጠች።

ታች ነፋሲት ይህን ሁሉ አላወቀችም። የአባቷ ድምፅ ከኋላዋ እየደከመ፣ እየራቀ፣ ግን ሳይቋረጥ ይሰማታል። ቀዝቅዞ የነበረው ሩጫዋ ፈጠነ። የቀበሮን ልጅ አለፈችው። ሾላው ሲታይ ከሚዳቋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ሚዳቋ ትንፋሽ አጠራት፣ ነፋሲት ግን ገና ነበራት። በአንገት ቀድማ ገባች!

የቀበሮ ልጅ ሦስተኛ ሆኖ ደረሰ። ስለ ታፋው ምንም አያውቅም ነበር። መጥቶ ግንባሯን በግንባሩ ነካና፣ «ጎበዝ! የሚያምር ሩጫ ነው የሮጥሽው» አላት።

ንጉሡ ከጉብታው ወርዶ ፊቷ ቆመ። «አሸናፊዋ ማን እንደሆነች አገር ይወቅ። የማን ልጅ ነሽ? በራስሽ አፍ ተናገሪ።»

አያ ጅቦ ስሙ ልጁን እንዳያሳፍራት ብሎ ከሾላው ግንድ ኋላ ተደብቋል፤ ጅራቱ ግን ይታይ ነበር። ብዙዎቹ የእናቷን ስም ትጠራለች ብለው ጠበቁ።

ነፋሲት አንገቷን ቀና አደረገች። «ነፋሲት ነኝ። የአያ ጅቦ ልጅ!»

እመት አህዪት የደስታ ጩኸቷን ስትለቀው ሸለቆው አስተጋባ።

«ምን ትለምኛለሽ?» አለ አንበሳ።

«እናቴና ታናናሾቼ ከላይኛው ምንጭ ይጠጡ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ የደቦሎቹን ሥጋ በልቷል፤ ይክሳቸው። ክሶ ሲጨርስ ይጠጣ። እስከዚያ ከኩሬው ብቻውን አይጠጣም፤ እኔ አብሬው እጠጣለሁ።»

አንበሳ ራሱን ዝቅ አደረገላት፤ ይህንም ንጉሥ ለማንም ሲያደርግ ታይቶ አያውቅም። «እንዳልሽ ይሁን» አለ። የጎተራውን ቁልፍም ከቀበሮ ተቀብሎ ለእመት አህዪት ሰጣት፤ ሥጋ አትበላምና።

አያ ጅቦም እያደነ ለደቦሎቹ መካስ ጀመረ። ቀላል አልነበረም። ሥጋውን በአፉ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ጥርሱን እየገታ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ይቆምና ረጅም ጊዜ ያሸታል፣ ከዚያ ተንፍሶ መንገዱን ይቀጥላል። ነፋሲትም ማታ ማታ ከጎኑ ቆማ የደፈረሰውን ውሃ ትጠጣለች። ዝናብ ሳይጥል ካሳው አለቀ፤ አባትና ልጅም ጎን ለጎን ወደ ላይኛው ምንጭ ወጡ። በመንገድ ላይ የማያውቀው አንድ እንግዳ ዝንጀሮ፣ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ቢለው፣ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ፣ «የነፋሲት አባት!» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ የወላጁን ጥፋት ሳይወርስ፣ ወላጁንም ሳይክድ፣ በራሱ ላብ የቤቱን ስም ቀና ማድረግ እንደሚችል ነው።