የእመት አህያ ጉድጓድና የአያ ጅቦ ዓይን

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የሰፈሩ አራዊት ድርቅ በረታባቸው። ንጉሣቸው አንበሳ ለየቤቱ አንዳንድ የጓሮ መደብ አከፋፈለና ሁሉም የሚበላውን እንዲያበቅል አዘዘ። መደቦቹ እኩል ነበሩ፤ ዘሩም ከአንድ ከረጢት፣ ውሃውም ከአንድ ወንዝ። ለአያ ጅቦ የደረሰው መደብ ግን ከእመት አህያ መደብ በአንድ አጥር ብቻ የሚለይ ነበር። ጅብና አህያ ጎረቤት ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ እናንተም አታጡትም።

እመት አህያ በየቀኑ ኑግ ተጭና ወደ ዘይት መጭመቂያው፣ ቲማቲም ተጭና ወደ ድልህ ፋብሪካው ትወርዳለች። ስትመለስ ባዶዋን አትመጣም። ኑጉ ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ፣ ፋብሪካው የሚጥለውን የቲማቲም ልጣጭ፣ ከጠላ ቤት ደጅ የሚደፋውን አተላ ሁሉ ለቅማ ትጭናለች። ይህን በጓሮዋ ጥግ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ትጨምርና ደረቅ ቅጠል፣ አመድና አፈር እያነባበረችበት በኮባ ትሸፍነዋለች። በየሳምንቱ እየገለጠች በኮቴዋ ታገላብጠዋለች። ሦስት ወር ሲሞላው ሽታው ጠፍቶ ጥቁርና ልስልስ አፈር ይሆናል፤ ከካሮቷና ከቆስጣዋ ሥር የምትበትነው እሱን ነበር።

አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ይስቅባት ነበር። ሰው የጣለውን የምትቀብር ሞኝ እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል።

ሳቁ የቆመው የንጉሡ ልጅ ዳፍንት የያዘው ጊዜ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓይኑ ይጋረድና የእናቱን ጭራ ሳይቀር መለየት ያቅተዋል። አንበሳ ከየጓሮው ካሮትና ቆስጣ እያስመጣ አበላው፤ በተራቆተ አፈር ላይ የበቀለው ግን ሆድ ከመሙላት አላለፈም። ከእመት አህያ መደብ የመጣውን መብላት በጀመረ በወሩ ልጁ በምሽት አይጥ ማባረር ያዘ። ንጉሡም ሸንጎ ሰብስቦ እመት አህያን በቀኙ አስቀመጣት፤ ማንም ጥርሱን እንዳያሳርፍባትም አወጀ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአንበሳ ቃል ግን ያስጥላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ጅቦ እንቅልፍ አጣ። አጥንት የሚፈጨው ሆዱ ቅናቱን መፍጨት አቃተው። «ትናንት ሥጋ የነበረች ዛሬ ወንበር ተሰጣት!» እያለ ያጉረመርማል። ቆስጣዋ ሲያምር ያመዋል፤ እሷ ባሳላት ቀን ደግሞ ደስ ብሎት ይውላል።

የባሰው ነገር የራሱም ልጅ መታመሟ ነበር። ዓይናለም የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ እሷንም ያው ዳፍንት ይዟታል። በጨለማ የማታይ ጅብ ነገ ምን በልታ ትኖራለች? እኩዮቿ ሲመሽ ለአደን ሲወጡ እሷ የዋሻውን ግድግዳ እየዳበሰች ትቀራለች። አያ ጅቦ ነገሩን ከጎረቤት ደብቆ ያዘው። እመት አህያ ግን አንድ ቀን ሊመሻሽ ሲል ልጅቷ ከአጥሩ ጋር ስትጋጭ አየቻትና በማግስቱ አንድ እስር ካሮት ይዛ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ለልጅህ ስጣት። ሲያልቅ ንገረኝና እጨምርላታለሁ» አለችው።

አያ ጅቦ ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። ወዲያው ግን በሸንጎው ፊት «የጅብን ልጅ ያዳነች» እየተባለች ስትመሰገን ታየው፤ እጁን ሰበሰበ።

«የእኔ ልጅ የአህያ ምጽዋት አትበላም። የእኔም መደብ ካሮት ያበቅላል» አላት።

እመት አህያ ካሮቱን አጥሩ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። እሱም አወረደና ወንዝ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያም የደበቀውን አንድ ጭን ሥጋ ይዞ የሰውን ጓዳ ሁሉ ወደምታውቀው ወደ ቀበሮ ገሰገሰ። ቀበሮ መጀመሪያ ሥጋውን ተቀበለች፤ ቀጥላ የእመት አህያን ምስጢር አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ፋጉሎውን፣ ልጣጩን፣ አተላውን፣ ቅጠሉንና አመዱን፣ ማገላበጡን፣ በመጨረሻም ሦስት ወር መጠበቁን።

«ሦስት ወር?» አለ አያ ጅቦ። «እኔ ጥሬውን ከነአጥንቱ ስውጠው ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ይፈጭልኛል። እኔን ያልከበደኝ ይህን የሚያህል መሬት ይከብደዋል?»

ቀበሮ የሚሆነውን አውቃዋለች። ዳሩ ግን የተሳሳተ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። ስለዚህ አንገቷን ነቅንቃ «እውነትህን ነው» ብላ ሸኘችው።

አያ ጅቦ ከዘይት መጭመቂያው አንድ ጆንያ ፋጉሎ ተሸክሞ ተነሣ። ግማሹን መንገድ ላይ በላው፤ የቀረውን እንዳለ መደቡ ላይ ዘረገፈው፤ አተላም ደፋበት። በሦስተኛው ቀን መደቡ ጋለ፣ ዝንብ ወረረው፣ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ተኮማተረ። ዳር ዳሩን የተረፉት ካሮቶች ግን ቅጠላቸውን እንደ ቁጥቋጦ አሰፉት። አያ ጅቦ ያንን እያየ ከእመት አህያ በለጥኩ ብሎ ፎከረ። ሲነቅላቸው ሥራቸው የአይጥ ጭራ አክሎ ተገኘ።

ያም ሆኖ ቅጠሉንም ሥሩንም ወር ሙሉ ለዓይናለም አበላት። እሷ ውሃ ውሃ ይላል እያለች ትውጠዋለች። አመሻሹ ላይ አጥንት ከፊቷ ይዞ ምን እንደሆነ ይጠይቃታል፤ «አጥንት» ስትለው ልቡ በደስታ ይዘላል። አጥንቱ በሌለበት በኩል እጇን ስትዘረጋ ግን በአፍንጫዋ እንዳወቀችው ይገባውና ደስታው ይጠፋል። ይህ ከሆነ በኋላ የመጠየቅ ድፍረት አጣና ተወው።

ከወር በላይ እንዲህ ኖረ። ጸጸት ሊሰማው ሲገባ የመጣበት ቅናት ነው፤ የእኔ ካልሆነ የእሷም አይሆንም አለ። እመት አህያ ሸንጎ በሄደችበት አንድ ቀን፣ መሸት ብሎ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያዳግት፣ አጥሩን ዘሎ ጓሮዋ ገባ። ዓይናለም ከዋሻው ደጅ ተቀምጣለች፤ በዚህ ሰዓት አታይምና ከምንም አልቆጠራት። የጉድጓዱን ኮባ ገሽልጦ ገና ያልበሰለውን ብስባሽ በሁለት እጁ እየዛቀ ይበትነው ጀመር።

«አባዬ፣ የእመት አህያን ጉድጓድ ለምን ትበትናለህ?»

አያ ጅቦ ባለበት ደረቀ። «ማን ነገረሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አየሁህ። ጆሮህ ላይ የኮባ ቅጠል ተንጠልጥሏል።»

ጆሮውን ዳበሰ፤ ቅጠሉ አለ። እንዴት ማየት እንደቻለች ጠየቃት። ልጅቷም ካሮቱን ወንዝ ከጣለበት ማግስት ጀምሮ እመት አህያ በየቀኑ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብላት እንደነበር ነገረችው።

«ለአባትሽ አትንገሪው፣ ያመዋል አለችኝ።»

አያ ጅቦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሲናፍቀው የኖረው የልጁ ዓይን ተከፍቶ ያየው እሱን ሲያጠፋ ነው። በዚህ መካከል እመት አህያ ከሸንጎ ተመለሰች። አንዴ ብታናፋ ንጉሡ ይሰማል፤ የአያ ጅቦም ነገር ያበቃል። እሷ ግን ጉድጓዱን አየች፣ የተበተነውን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«አንዴ ከቆፈርከው አይቀር፣ ዛሬ መገልበጫው ቀን ነው» አለችው። «የበተንከውን መልሰህ ክተትና ደህና አድርገህ አገላብጠው።»

አያ ጅቦ ጎንበስ ብሎ ከተተው። እሱ የሳተውን ጓል ሁሉ ዓይናለም ከምሽቱ ድንግዝግዝ ውስጥ እየለየች «እዚያም አለ፣ አባዬ» ትለው ነበር። በመጨረሻ አንድ ጉርሻ ፋጉሎ ሰርቋል ይባላል። ቅናቱም ጨርሶ ለቀቀው ቢባል ውሸት ነው። ነገር ግን በማግስቱ በራሱ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ሦስት ወር ሲጠብቅ ታየ። ቀበሮ ሁለተኛውን ጭን ሥጋ እስከ ዛሬ በደጇ ቆማ ትጠባበቃለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅናት የጎረቤትን ጓሮ ከማድረቁ በፊት የራስን ልጅ እንደሚያስርብ፣ መሬትም ሆነ ልብ የተሰጠውን በትዕግሥት ካላብላላ የሚጠቅም ፍሬ እንደማይሰጥ ነው።